ለፈተናው ወይስ ለመንገዱ?

መምህር ሆኖ ገጠር የሚመደብ ሰው ከጠመኔና ከመጽሐፍ ሌላ አንድ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ይኸውም ከሚያድርበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በሰላም የሚያደርሰው መጓጓዣ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ በሚገኙ ቀበሌዎች ይህ መጓጓዣ ብዙውን ጊዜ ሞተር ሳይክል ነው። የጉድኝት ማእከሉ ሱፐርቫይዘር በሞተር ይመጣል፤ የጤናና የግብርና ባለሙያው በሞተር ይዞራል፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለ መምህርም ደመወዙን ለመቀበል ወደ ከተማ ሲወርድ ከሰው ሞተር ኋላ ይፈናጠጣል። ስለሆነም ከመካከላችን ብዙዎች ሳንመረቅ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተነሥተናል። ቅዳሜና እሑድ ወደ ልምምድ ሜዳ የሚሄደው ሠልጣኝ ቁጥር እየጨመረ መሄዱን ሁላችንም እናያለን።

ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ የሚወራውን ላዳመጠ ሰው አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ጥያቄው ሁሉ «ፈተናው ላይ ምን ይመጣል?» ነው። «ስምንት ቁጥሩን ስትዞር እግር ካወረድክ ይጥሉሃል ወይ?» «የጽሑፉን ጥያቄ የያዘ ወረቀት ያለው ማነው?» ይባላል። ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፈተናውን ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን ማለፍ ሌላ ነገር ነው። የኛ አስተያየት ዝግጅታችን ለሁለተኛው ይሁን፤ የመጀመሪያው ተከትሎ ይመጣል የሚል ነው።

እስቲ ከስምንት ቁጥሩ እንጀምር። ብዙዎች ይህን ዙር ሰውን ለመጣል የተዘጋጀ ወጥመድ አድርገው ያዩታል። ሞተር ሲፈጥን ሚዛኑን መጠበቅ ይቀላል፤ እጅግ ቀስ ሲል ግን ነጂው ራሱ ሚዛኑን ካልጠበቀ ይወድቃል። ቀስ ብሎ መዞር የሚቻለው ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ ነዳጅ በመጠኑ ሰጥቶ፣ የኋላውን ፍሬን ለስለስ አድርጎ በመንካት ነው። መሪው ተጠምዞ ሳለ የፊት ፍሬን የጨበጠ ወዲያው ይተኛል። ዓይንም ከፊት ጎማ ላይ ተነሥቶ ወደሚኬድበት አቅጣጫ መመልከት አለበት፤ ጉድጓዱን የሚያይ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባልና። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ትምህርት የተነገረ ይመስላል። በገበያ ቀን ቡታጅራ ከተማ ውስጥ በባጃጅ፣ በጋሪና በሸክም መካከል ማለፍ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ችሎታ ነው። እንግዲህ ስምንት ቁጥሩ ወጥመድ ሳይሆን የገበያ መንገድ ምሳሌ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ሜዳው የማያስተምረው ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የተማርነው ፊዚክስ ለፈተና ብቻ አልነበረምና እናስላው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ ሳይዘው 8 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ በደረቅ መንገድ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ይቆማል ብንል፣ ሌላ 7 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ድምሩ 15 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስስ? በአንዱ ሰከንድ 17 ሜትር፣ ለመቆም ደግሞ 28 ሜትር፣ በድምሩ ወደ 45 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በፍሬን የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ በደረቅ መንገድ ላይ ነው። በክረምት ቀይ አፈር ጭቃ ላይ ወይም በጠጠር ላይ ከዚህም ይረዝማል፤ በዚያ ላይ የፊት ፍሬን በድንገት የጨበጠ ጎማው ተቆልፎበት ይወድቃል። ይህን ስሌት ነገ ለተማሪዎቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሠራዋለን። ታዲያ እኛው ራሳችን በመንገድ ላይ ካልሠራንበት ትምህርቱ ምን ሊሆን ነው?

ሁለተኛው ጀፎረ ነው። የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሁሉ ጀፎረን ያውቃል። በቤቶቹ ረድፍ መካከል የተዘረጋው ሰፊው የሣር ሜዳ መንገድም ነው፤ ከብትም ይሰማራበታል፤ ልጅም ይጫወትበታል፤ ለቅሶም ሠርግም ይዋልበታል። ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳያጠበው በባህላዊው ሕግ የተጠበቀ ነው። አባቶች ስፋቱን ያስከበሩት ለሰው ነው። ሞተር የያዘ ወጣት ግን ሜዳውን ሲያይ የሚታየው ሰፊ ጎዳና ነው፤ ማርሽ ጨምሮ ይለቀዋል። በጀፎረ ላይ የፍጥነት ወሰን የሚያሳይ ምልክት አይተከልም፤ ልጁም ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ግራና ቀኝ አያይም። በዚያ ላይ ልጁ የኛው ተማሪ ነው። ጠዋት በሞተር አስደንግጦት ያለፈ መምህር ከሰዓት በኋላ ስለ ሥነ ምግባር ቢያስተምረው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ በጀፎረ ላይ የሰው እርምጃ ያህል መሄድ፣ ከብት ካለም ማቆም ተገቢ ነው እንላለን። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ ባይጠየቅም ከስምንት ቁጥሩ አይተናነስም።

ሦስተኛው ሄልሜት ነው። «ይሞቃል»፣ «ጆሮ ይደፍናል»፣ «ለቅርብ መንገድ ምን ያደርጋል» እየተባለ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ እናያለን። መሪ ራስ ምታት የለበትም! በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲታዩ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳትን ዕድል ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ይህ ዕድሜ የኛና የተማሪዎቻችን ዕድሜ ነው። ለሰው ብሎ ሲያማ ለኔ ብለህ ስማ ይባል የለ?

እዚህ ላይ «እኛ ገጠር ነው የምንነዳው፤ ትራፊክ ፖሊስ የለም፤ ፈቃዱስ ለምን?» የሚሉ አሉ። «ገንዘብ ከተከፈለ ሳይለማመዱም ይገኛል» የሚሉም አልጠፉም። ለመጀመሪያዎቹ መልሳችን ይህ ነው፤ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ከተማ ከገጠር አይለይም፤ ጠጠሩና ገደሉም አይለዩም። ለሁለተኞቹ ደግሞ ጥያቄ አለን። የተገዛ ፈቃድ ፍሬን ይይዛልን? በገንዘብ ያለፈ ሰው ያታለለው ፈታኙን አይደለም፤ ከኋላው ያፈናጠጣትን እናቱን ነው። መምህር ሆኖ ይህን ያደረገ ደግሞ ነገ ተማሪው ሲኮርጅ ቢይዘው በምን አፉ ይቆጣዋል?

ሌላም ነገር ይታሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክሎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ ታግደው ነበር፤ ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸም ወንጀል መብዛቱ ነበር። ጥቂቶች ባጠፉ ሁሉም ተቀጣ። በከተሞቻችንም ሥርዓት የሌለው አነዳድ ከበዛ፣ በሞተር እንጀራውን የሚበላው ሁሉ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ፈቃድን በሥርዓት ማውጣት የራስን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም መብት መጠበቅ ነው።

ደግሞስ መንገዱን ማን አመጣው? በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ከሱቅና ከጉልበት ሥራ ካገኙት ላይ ገንዘብ አዋጥተው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ መንግሥትን እየለመኑ አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ደክመዋል። ልጆቻቸው ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንዲደርሱበት ብለው ነው እንጂ እንዲቀጠፉበት አይደለም። መስቀል ሲደርስ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሲሞላው ያየ ሁሉ ይህ የአባቶች ሥራ ምን ያህል እንደሚያገለግል ያውቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መናገር ብቻ ዋጋ የለውም። በበኩላችን አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሄልሜት እቁብ እናቋቁም። እቁብ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሱቅ ከፍቷል፣ ቤት ሠርቷል። አሥር ሆነን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብናዋጣ በየዙሩ ለአንዳችን ሄልሜት ይገዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ ሄልሜት እንዲገዛ ከተቻለ ደግሞ እሰየው።

ሁለተኛ፣ ልምምዳችን ሁለት ሁለት ሆነን ይሁን። ሕጋዊ ማሠልጠኛ በሚፈቅደው ሰዓትና ሜዳ አንዱ ሲነዳ ሌላው ቆሞ ይመልከት፤ «ዓይንህ ጎማው ላይ ነው»፣ «ፍሬቻ ሳታሳይ ታጠፍክ»፣ «ስፖኪዮ አላየህም» እያለ ይንገረው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ እርስ በርሳችን እንደምንተራረመው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሴት ጓደኞቻችን ወደ ሜዳው ይምጡ። «ሞተር ለወንድ ነው» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ገጠር የምትመደብ መምህርት ከማንም ይበልጥ በራሷ መጓዝ ያስፈልጋታል። ሚዛን የሚጠብቀው ጡንቻ ሳይሆን ዓይንና ፍሪሲዮን መሆኑን ከላይ አይተናል።

አራተኛ፣ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንለምነው አለ። የፊዚክስ መምህሮቻችን የፍሬንን ስሌት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስረዱን፣ ሞተር የሚነዱት ደግሞ ቁልቁለትና ጭቃ ላይ ያዩትን ቢያካፍሉን፣ ከመቶ የጥያቄ ወረቀት ይበልጥ ይጠቅመናል።

ጓደኞች ሆይ! ፈታኙ ከኛ ጋር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከእምድብር ወደ ጉብሬ፣ ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚወስደው መንገድ ግን በየቀኑ ይፈትነናል፤ ዳግም ፈተና የሚባልም ነገር አያውቅም። የሄልሜቱ እቁብ መዝገብ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ተለጥፏል፤ እርሳስ ታስሮበታል። አንብቦ ዝም ብሎ ከመሄድ ስም መጻፍ ይበልጣል።