እግሩ ለደከመ ሰው ያገለገለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

አውቶሞቢል ለጤነኛ ሰው መንገድ ማሳጠሪያ ነው፤ እግሩ ለደከመ ሰው ግን እግር ነው። ጤነኛው ሰው አውቶሞቢሉ በመንገድ ላይ የቆመበት እንደ ሆነ ቆልፎት በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱም መካኒክ ይዞ ይመለሳል። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ግን አውቶሞቢሉ በቆመበት ስፍራ እርሱም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ያገለገለ አውቶሞቢል ሲሸጥ የተደበቀ ጉድለት ለአንዱ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ሲሆን፥ ለሌላው ወጥቶ የመግባት ነጻነቱን ማጣት ነው። የሁለቱም ጉዳት በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣት የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ የማይቀር ሆነ። አዲሱ አውቶሞቢል ግን በደመወዝ ለሚኖር ሰው የሚቀመስ አይደለም። እንግዲህ በልጅነቱ በፖሊዮ እግሩ የሰለለ አንድ መምህር ወይም አንድ ጸሐፊ፥ ጥሪቱን አጠራቅሞ የሚያገኘው ሌላው ሰው የነዳውንና የሸጠውን ነው።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በተፈጥሮው ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማ መሆኑ አያጠራጥርም። ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሽ መቀያየርም አይጠይቅም። የፍጥነት መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ አውቶሞቢሉን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ፍሬን የሚረገጥበት ጊዜ ያንሳል። ፍጥነት መስጫውንና ፍሬኑን በእጅ የሚያዝ ዘንግ የተገጠመለት እንደ ሆነም፥ የነጂው እጅ ብዙ አይደክምም። ከዚህም ሁሉ በላይ በነዳጅ ማደያ ሰልፍ መዋል ቀርቶ፥ ሰው ተኝቶ ሳለ አውቶሞቢሉ በግቢው ውስጥ ኃይሉን ይሞላል።

ቢሆንም ቅሉ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የገዢው አካል፥ የባትሪው ጤንነትና ኃይል የሚሞላበት ስፍራ ናቸው።

አስቀድሞ አውቶሞቢሉ በገዢው አካል ሊለካ ይገባዋል። ወንበሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ እርሱ መሸጋገር ይቸግራል፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ጉልበቱ ለደከመው ሰው መነሣት ጭንቅ ይሆንበታል። ይህን በዓይን ዓይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ገዢው ራሱ ሦስት አራት ጊዜ ገብቶ ሊወጣ፥ ተሽከርካሪ ወንበሩንም አጥፎ በውስጡ ሊያስገባ ይገባል። የብዙዎቹ ባትሪ ከወለሉ በታች የተነጠፈ ስለ ሆነ፥ በነዳጅ በሚሠሩት ላይ እንደሚደረገው ወለሉን ቆርጦ ዝቅ በማድረግ ሰውን ከነወንበሩ ለማስገባት አይመችም። ስለዚሁ ምክንያት የእጅ ዘንግ ሲገጠም ወለሉን በዘፈቀደ መብሳት እጅግ አደገኛ ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎችም ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ ያልተማረ እጅ ሊነካቸው አይገባም። ደግሞም ባትሪው ጢም ብሎ የሞላ እንደ ሆነ በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ያ በራሱ የማዘግየት ኃይል ይቀንሳል፤ ከእንጦጦ አፋፍ ቁልቁል የሚወርድ ነጂ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ እጁ በጭንቅ ሰዓት ይታለላል።

ሁለተኛው የባትሪው ነገር ነው። ባትሪ እንደ ሰው ያረጃል፤ ውጭው ታጥቦና ተወልውሎ ሲያበራ ውስጡ ሊደክም ይችላል። አዲስ ሳለ 400 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረ አውቶሞቢል የባትሪው ጤንነት ወደ 75 በመቶ የወረደ እንደ ሆነ 300 ያህል ብቻ ይሄዳል። ደላላው ግን የሚናገረው የፊተኛውን ቍጥር ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በፋብሪካው ወኪል በኩል ሳይሆን በሌላ መንገድ ለገባ አውቶሞቢል ዋስትናው የሚጸና መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል። ስለዚህ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ይሰፍር ዘንድ፥ ገዢውም ርቀቱ በታወቀ መንገድ ነድቶ ምን ያህል ኃይል እንደ በላ ይመለከት ዘንድ የተገባ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ከሚታዩት ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ በመስኮቱ ገጽ ላይ የሚወጣው ጽሕፈት የሚነበብ መሆኑን፥ የመሙያው ሶኬትም በከተማው ካሉት መሙያዎች ጋራ የሚገጥም መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ የቻይናው ደንብና የአውሮፓው ደንብ አንድ አይደለምና።

ሦስተኛው ኃይል የሚሞላበት ስፍራ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ 2 ኪሎዋት በሚሰጥ ተራ ሶኬት እስኪሞላ 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 7 ኪሎዋት በሚሰጥ የግድግዳ መሙያ ግን በ9 ሰዓት ገደማ ይሞላል። እንግዲህ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ከአውቶሞቢሉ አስቀድሞ ከቤቱ ባለቤት ጋራ መነጋገር ይኖርበታል። በአደባባይ በቆሙት ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ መሰናክል አለ፤ ፈጣኑ መሙያ ገመዱ ወፍራምና ከባድ ነው፤ መሙያው በከፍተኛ ጠርዝ ላይ የተተከለ፥ ማቆሚያውም የጠበበ እንደ ሆነ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው ሶኬቱን በዓይኑ እያየ እጁ አይደርስበትም።

ከዚህ የቀረው የገዢው ሥራ ሳይሆን የሹማምንት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት 20ኛው አንቀጽ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በሚቻለው መጠን ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት እንዲረዱ የሚያስገድድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ፥ አውቶሞቢሉን የገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት መረጃ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷል። እንግሊዞችም በ2022 ለአደባባይ መሙያዎች ስለ ማቆሚያው ስፋት፥ ስለ መሙያው ከፍታና ስለ ገመዱ ክብደት የሚናገር መመዘኛ አውጥተዋል። አውቶሞቢል ሁሉ በየዓመቱ በሚመረመርበት አገር፥ የባትሪው ጤንነት ተለክቶ በምርመራው ወረቀት ላይ ቢጻፍ፥ ለመሙያ ጣቢያ ፈቃድ ሲሰጥም ጠርዝ የሌለውና ሰፊ የሆነ አንድ ማቆሚያ ቢታዘዝ፥ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ምናልባት «እንዲህ ያሉ ነጂዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ለጥቂቶች ብሎ ደንብ ማውጣት ምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ጥቂት የሆኑት መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው መሆኑን መርሳት አይገባም፤ በር የተዘጋበት ቤት እንግዳ አነሰው ተብሎ አይታማም። ደግሞም የባትሪው ወረቀት ገዢን ሁሉ ከአታላይ ያድናል፤ ጠርዝ የሌለው ማቆሚያም ሽማግሌውን፥ ነፍሰ ጡሯንና እግሩ ተሰብሮ የሚያገግመውን ሁሉ ይጠቅማል።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የሚታሰበው የመጻጉዕ ታሪክ ለሊቃውንት የታወቀ ነው። ያ 38 ዓመት የታመመ ሰው በመጠመቂያው ዳር ሲተኛ ውሃ ያጣ አልነበረም፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ሰው አጣ እንጂ። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ የዓባይ ውሃ ኃይል ሆኖ ወደ ከተሞች እየፈሰሰ ነው። እግሩ የደከመውም ሰው ከመጠመቂያው ዳር ቀርቷል እንዳይባል፥ ሻጭ እውነቱን በወረቀት ይስጠው፤ ሹምም ጠርዙን ከፊቱ ያንሣለት።