ስለ ዓይን ስጦታ

በላምበረት የአውቶቡስ ጣቢያ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ መጥተው ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል የልጅ ልጁ እጁን ይዞ የሚመራው ዓይነ ስውር አይጠፋም፤ አንዳንዱም የሚሄደው እዚያው የካ ውስጥ ወዳለው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው።

እንደ መስኮት መስተዋት ብርሃንን ወደ ዓይን የሚያስገባው ኮርኒያ የተባለው ስስ ሽፋን በቁስል የደፈረሰ እንደ ሆነ፣ ሐኪም እርሱን አንሥቶ ከሟች የተገኘውን ይተክልበታል። ኮርኒያን መትከልንም መጀመሪያ በሰው ላይ አከናውነው የተሳካላቸው ሐኪም ኤድዋርድ ዚርም በሞራቪያ አገር በ1898 ዓ.ም. ነበር፤ ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌዘር የተባለው ጨረር የሰጪውንና የተቀባዩን ኮርኒያ በአንድ ልክ ስለሚቆርጥ፣ ጠርዙ አናጢ እንዳጋጠመው እንጨት ግጥም ይላል።

ነገር ግን ጨረሩ ኮርኒያን አይፈጥርም። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓይን ባንክ የሚጠብቀው ሰጪን ነው። ኮርኒያውም ሰው ባረፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መነሣት ይገባዋል፤ ያ ሰዓት ግን በእኛ ዘንድ የልቅሶና የግንዘት ሰዓት ነው። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ቃል ቢገባም፣ ቤተ ሰቡ ካልሰማ ማን ሐኪሙን ይጠራል?

ስለዚህ እኛም በየቤታችን ተናገርን። አንዲት እናታችን «ያለ ዓይን ልትቀበር ነውን?» ብለው ተቆጡ። የሚነሣው ስስ ሽፋን ብቻ እንደ ሆነ፣ መልክም እንደማይለወጥ አስረዳናቸው። መልሳቸውን ገና አልሰጡንም።