የሽማግሌ ቃልና የሰጠመችው መርከብ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ውርጭ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከጮቄ ተራራ አልፈው መሄድ አያስፈልጋቸውም። ዛሬ የምንጽፍላቸው ግን ባሕሩ ራሱ አብዛኛውን ወራት በረዶ ሆኖ ስለሚቆምበት ስለ ካናዳ ሰሜን፣ በዚያም ስለ ሰጠመች አንዲት መርከብ ነው። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በምድጃችን አጠገብ የተቀመጡትን አያቶቻችንን የሚነካ ቁም ነገር አለበት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሹም ኤሬቡስና ቴረር የተባሉትን ሁለት መርከቦች ይዞ ወደ እስያ የሚያሳልፍ የባሕር መንገድ ሊፈልግ ሄደ። በ1846 መርከቦቹ በበረዶ ተያዙ፤ በ1847 ፍራንክሊን ሞተ፤ በ1848 የቀሩት 105 ሰዎች መርከቦቹን ትተው በእግር ጕዞ ጀመሩ። ከዚያ ቀርተው ከጠፉት 129 ሰዎች አንድ እንኳ ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ሚስቱ እመቤት ጄን ፍራንክሊን የባሏን ወሬ ለማግኘት ከገንዘቧ እያወጣች ፈላጊዎችን ላከች። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ሐኪም ኢኑይት ከሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ቃል ተቀብሎ፣ ሰዎቹ በራብ እንዳለቁ፣ ራቡም ቢጸናባቸው የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት እንደ ደረሱ አስታወቀ። ለንደን ግን ይህን መስማት አልወደደችም። ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እንኳ የእነዚህ ሰዎች ቃል አይታመንም ብሎ በሚያሳትመው መጽሔት ጻፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ በሟቾቹ አጥንት ላይ የተገኘው የቢላዋ ምልክት የተናቁት ምስክሮች እውነት መናገራቸውን ገለጠ።

ኢኑይቶች ሌላም ነገር ይናገሩ ነበር። ይኸውም ከሁለቱ መርከቦች አንደኛዋ ወደ ደቡብ ሄዳ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ሰጠመች፤ ምሰሶዋም ከውሃው በላይ ይታይ ነበር የሚል ነው። ይህን ቃል አባት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ እየነገረ ከ160 ዓመት በላይ ጠበቁት። በመስከረም 2014 የካናዳ ፈላጊዎች ቃሉ ወደሚያመለክተው ወገን ሄደው ኤሬቡስን በ11 ሜትር ጥልቀት አገኟት። ይህ 22 ክንድ ያህል ነው፤ ከጣናችን ጥልቅ ስፍራ እንኳ ያንሳል። በ2016 ደግሞ ሳሚ ኮግቪክ የተባለ ኢኑይት ከዓመታት በፊት ከበረዶ ላይ ወጥቶ ያየውን ምሰሶ ነግሮ፣ ቴረርም በዚያው ወሽመጥ ተገኘች።

ወደ ኤሬቡስ የወረዱት ጠላቂዎች 1845 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ደወሏን አወጡ። በሚያዝያ 2015 ሁለት ሜትር ውፍረት ያለውን በረዶ ቈርጠው በቀዳዳው ገቡ። በኋላም ብርዱ ሥራ እንዳይከለክላቸው፣ ከላይ በቱቦ የሚወርድ ሙቅ ውሃ በልብሳቸው ውስጥ እንዲዘዋወር ተደረገ። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል በዚያ ብርድ ስለማይኖር ሣንቃው አልጠፋም። ነገር ግን ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ ይደርስባታል፤ ወለሏም እየተሰበረ ነው። ስለዚህ ጠላቂዎቹ ይቸኵላሉ።

እኛስ? ጎጃም ቅኔ በቃል የሚጠናበት አገር ነውና የቃልን ክብር አናጣውም። ሆኖም በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ከ1936 እስከ 1941 የሆነውን የጠላት ወረራ በልጅነታቸው በዓይናቸው ያዩት ሽማግሎችና አሮጊቶች ዛሬ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ በአያቱ አጠገብ እንዲቀመጥ እንመክራለን። የቦታውን ስም፣ የሰዎቹን ስም፣ ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ ይጠይቅ፤ እንደ ተናገሩትም ሳያርም ይጻፍ። በሥልጣን ላይ ያላችሁም አንባቢዎቻችን በፊታችሁ የሚቆመውን የባላገር ቃል፣ ስላልተማረ ብቻ ሳትመረምሩ እንዳትጥሉት እናሳስባለን።

ለሰጠመች መርከብ ጠላቂ ይወርድላታል፤ ሳይነገር ወደ መቃብር ለወረደ ቃል ግን የሚወርድ ጠላቂ የለም።