ስለ አእምሮ ሕመምተኞች ጥበቃ

በባላገር አእምሮው የታወከ ሰው አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው፤ አዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ለመድረስ ግን ስንቅና ማደሪያ ያስፈልጋል። ይህን ያጣው ቤተ ዘመድ አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛውን በሰንሰለት አስሮ ያስቀምጠዋል።

በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ የጤና ጣቢያ ነርሶች ሠልጥነው ሕክምናውን በዚያው በወረዳው ሰጡ፥ የሃይማኖት አባቶችም በምክሩ ገቡ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕመሙን ቀምሶ የዳነው ሰው ከምክሩ ሊጓደል አይገባም፤ ሰንሰለት እንዴት እንደሚያቈስል፥ መድኃኒቱም ስለ ምን እንደሚሰለች የሚያውቀው እርሱ ነውና። ካህኑም ጠበሉን ሳይከለክል «መድኃኒትህን አትተው» ቢለው፥ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የእርሱ ይሰማል። ሦስቱን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጥና የመድኃኒቱ በጀት እንዳይቋረጥ መትጋት የወረዳው ሹም ፈንታ ነው።