ለሞተር ቆላ የለም

ቤታችን መስኮት ላይ፣ ከመብራት ደረሰኝ ጎን፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ አንዲት የብረት ዕቃ ለሦስት ዓመት ተቀምጣ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ደግሞ ምንድናት?» ይላል። ቴርሞስታት ናት። ከአጎቴ ሚኒባስ ሞተር ላይ ተፈታ የወጣች። ያወጣት መካኒክ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጠቤ ከእሱ ጋር ብቻ አይደለምና። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያላትን ግን አልረሳትም፦ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ ምን ይሠራልሃል?»

አጎቴ አመነ። እኔም አመንኩ። እውነት ይመስላላ! በበጋ ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በሩን እንኳ በባዶ እጅ መንካት ያቃጥላል። ሞተር ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ ዕቃ እዚህ ማንን ሊጠቅም?

ዛሬ አላምንም። እንዲያውም ቴርሞስታት ማውጣት ከማንም በላይ የሚጎዳው እኛን ነው እላለሁ፤ ቆላ አድረን ደጋ የምንወጣውን የይፋት ሰዎች።

ነገሩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። አርማንያን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ መኪናው ደህና ነበር። ተሳፋሪ ሙሉ፣ ጣሪያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ። ከደብረ ሲና በላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ወጣ፤ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ረዳቱ ገና ልጅ ነው። ሰው ሲጮህበት ተደናግጦ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። የፈላው ውሃ ከአንጓው እስከ ክርኑ ክንዱን ላጠው።

እንግዲህ ቴርሞስታቱ የወጣው «እንዳያፈላ» አልነበር?

ደብረ ብርሃን ላይ ያየው ሌላ መካኒክ ሦስት ነገር አሳየን። የክዳኑ ላስቲክ ተበልቷል። ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ግማሹ ተደፍኗል፤ ለዓመታት ያጠጣነው ከቧንቧና ከወንዝ የተቀዳ ውሃ እንጂ ኩላንት አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ «ቴርሞስታቱስ?» የሚል ጥያቄ ነበር። አጎቴ መሬት መሬት አየ።

ቤት ስመለስ ዕቃዋን ከመስኮቱ አወረድኳት። ብረት ድስት ውስጥ ውሃ ጥጄ በሽቦ አንጠልጥዬ ጨመርኳት። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ቀስ ብላ ተከፈተች፤ ሳወጣት ቀስ ብላ ተዘጋች። ጤነኛ ናት! ሦስት ዓመት የታሰረችው ባልሠራችው ጥፋት ነው።

አሠራሯ ሲበዛ ቀላል ነው። መሃሏ ላይ ሰም የታሸገባት ትንሽ ብልቃጥ አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሯ ዝግ ነው፤ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይገፋዋል፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮምፒውተር የለ።

አሁን «ቆላ ነው» የሚለውን ክርክር ተመልከቱት። ሸዋ ሮቢት 35 ዲግሪ ሞቀች እንበል። ሞተር የሚፈልገው ግን 85፣ 90 ነው። የ50 ዲግሪ ልዩነት! እኛን የሚያቀልጠን የሮቢት ፀሐይ ለሞተር ብርድ ነው። ለሞተር ቆላ የሚባል አገር የለም። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ በደንብ አይቀጥንም፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። በኮምፒውተር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ «ገና አልሞቅሁም» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ያውም ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን። ማታ ከጣርማ በር በጉም ስትወርዱ መስታወቱን የሚያደርቀው ማሞቂያም ሙቀቱን የሚያገኘው ከዚሁ ውሃ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ መስታወቱ ይጨፈግጋል። ከዚያ ገደሉን በግምት ነው!

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይሄ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታት ሁለት በር ነው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውሃው ሞተር ውስጥ ሲዞር የነበረበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይቀራል፤ ከፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ፣ ከሮቢት ወደ አጣዬ ስትነዱ አይታወቃችሁም። ጭነት ይዛችሁ ጣርማ በርን ስትወጡ ግን ሂሳቡ ይመጣል። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በተደፈነ ራዲያተር ላይ ክፍት አቋራጭ።

ታዲያ ሰው ለምን ቴርሞስታቱን ይጠረጥራል? መልሱ ያለው ከፍታው ላይ ይመስለኛል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ውሃ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ላይ በ90 ገደማ። ስለዚህ ክዳኑ ካፈሰሰ፣ ቆላ ላይ ደህና የነበረው ውሃ ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ እያለ እንኳ ደጋ ላይ ይፈላል። ይህን የሚከለክለው በደንብ የሚይዝ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው እዚያው ጣርማ በር ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እኛ የጥቂት ብር ላስቲክ መቀየር ትተን ንጹሑን ዕቃ እናስራለን።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። «አጎትህ 20 ዓመት ነድቷል፣ አንተ ዩቲዩብ አይተህ ነው» ተብያለሁ። እሺ፣ ይሁን። ግን 20 ዓመት ነድቶ ስንት ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን እንዳስቀየረ ጠይቁት፤ እኔ ጠይቄዋለሁ፣ ዝም ነው ያለኝ። «ቴርሞስታት ተዘግቶ ይቀርና ሞተር ያቃጥላል» የሚሉት ግን እውነት አላቸው። ይቀራል። ገበያው ላይ ያለው ርካሽ አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ሞልቷል። መንገድ ላይ ተዘግቶ ቀርቶባችሁ ቤት ለመድረስ ብታወጡት እኔም አወጣው ነበር። ችግሩ ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ሌላ ገዝተን መክተት ሲገባን «እንዲያውም ያለሱ ይሻላል» የሚል ፍልስፍና እንፈጥራለን። በየጋራዡ «አውጣው» የሚለው ቃል ከ«ለካው» የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በሰለጠነው ዓለም ሩጫ መኪና ያላቸው ሰዎች ፍጥነት ሲጨምር ከኋላ በራሱ የሚነሳውን ክንፍ «መልኩን ያበላሻል» ብለው ሽቦውን ይነቅላሉ። ከተማ ውስጥ ለውጥ አያዩበትም፤ ስለዚህ ጌጥ ነው ይላሉ። ኦዲ ቲቲ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ሲወጣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ያለ ክንፍ ነበር የተሠራው። ጀርመን አውራ ጎዳና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ሲደጋገሙ ፋብሪካው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ከኋላ ክንፍ ገጠመላቸው። ጥቅሙ የሚታየው በክፉ ሰዓት ብቻ የሆነን ዕቃ በደህናው ቀን መዝነን «አይረባም» ማለት እዚያም ሰው አስከፍሏል። የእነሱ ክፉ ሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ የእኛ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ዳገት።

ስለዚህ ወገን፣ መኪና ካላችሁ፣ ወይም ቤተሰባችሁ ካለው፣ ለመካኒኩ «አውጣው» ከማለታችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። ራዲያተሩን አሳጥቡ። ቬንትሌተሩና የውሃ ፓምፑ መሥራታቸውን አረጋግጡ። ኩላንት ጨምሩ። ቴርሞስታቱን ከጠረጠራችሁ አስፈትታችሁ ድስት ውስጥ ቀቅሉት፤ ካልተከፈተ ጣሉት፣ ግን በምትኩ ሌላ ሳትገዙ ከጋራዡ አትውጡ። የጋለ ራዲያተር ክዳንን ደግሞ በጨርቅም በጓንትም አትክፈቱ። ቁጭ በሉና ይብረድ። ተሳፋሪ ይጩህ።

አጎቴ ተከራክሮኝ ተከራክሮኝ በመጨረሻ አዲስ ቴርሞስታት ከነክዳኑ አስገጠመ። ከዚያ ወዲህ ጣርማ በርን ብዙ ጊዜ ወጥተናል፤ ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አይልም። አጎቴ አሁንም «አየሩ ስለቀዘቀዘ ነው» ይላል። ረዳቱ ግን ጠባሳ ያለበትን ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ደብረ ሲናን ባለፍን ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጌጁን ያያል።