ድንጋዩ ይጠበቃል፣ ስሙ ይሸጣል

በዌልስ አንድ የቆየ የድንጋይ የገበሬ ቤት በቅርስነት ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ መልኩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም። ጥንታዊውን የእንጨት መስኮት ነቅሎ ፕላስቲክ ቢገጥም በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ስሙን ግን ማመልከቻ አስገብቶ ሊለውጠው ይችላል። ለዘመናት «ሃቮድ» ሲባል የኖረ ቤት ለእረፍት ተከራዮች እንዲጥም በእንግሊዝኛ «የተራራ እይታ» ቢባል የሚከለክል ሕግ የለም። ይህ ግማሽ ጥበቃ ነው፤ የተተወው ደግሞ የሚናገረው ግማሽ ነው።

ድንጋዩ ብዙ እንደሚነግረን አልክድም። በጥንቱ ረጅም ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ የሚለያያቸው ቤቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያቋርጥ መተላለፊያ ነው። ቤቱ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሠራል፤ ሰው ከላይ፣ ከብት ከታች፤ የጋጣው እዳሪ ወደ ቤተሰቡ እንዳይፈስ። ይህን ግድግዳውን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ግድግዳው የማይናገረውን ግን ስሙ ይናገራል። «ሃቮድ» ማለት በሞቃቱ ወራት የሚኖርበት የደጋ ቤት ነው፤ «ሄንድሬ» ደግሞ ታች ያለው ዋናው ቤት። ገበሬው በግንቦት ከብቱን እየነዳ ወደ ተራራው ይወጣል፣ ብርዱ ሲቃረብ ይወርዳል። ሁለቱን ቤቶች የሚያዛምዳቸው ስማቸው ነው። ስሙ ሲፋቅ ሃቮድ ተራራ ላይ ያለ ምክንያት የቆመ ቤት ይመስላል።

«በገንዘቡ የገዛውን ቤት የፈለገውን ስም ቢያወጣለት ማን ያገባዋል?» የሚሉ አሉ። መስኮቱንም እኮ የገዛው በገንዘቡ ነው! መስኮቱ የትውልድ አደራ ከሆነ ስሙ በምን ያንሳል?

በሰሜን ዌልስ፣ በፔንማክኖ አቅራቢያ፣ ቲ ማውር ዊብርናንት የሚባል የድንጋይ ቤት አለ። ትርጉሙ «ትልቅ ቤት» ቢሆንም የሚበልጡት ቤቶች ብዙ ናቸው። ሰው ከሩቅ የሚሄድበት ግን ለግንቡ ብሎ አይደለም፤ የዊልያም ሞርጋን የትውልድ ስፍራ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1536 የወጣ ሕግ ዌልስኛን ከፍርድ ቤትና ከሹመት አግልሎት ነበር። ሞርጋን በ1588 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በዌልስኛ አሳተመ፤ ቋንቋውም መጠጊያ አገኘ። ያንን ቤት ያስከበረው ቃል ነው።

የዌልስ ፖለቲከኞች ይህን ያውቃሉ። በ2016 የወጣው ሕግ ታሪካዊ የቦታ ስሞች ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ዝርዝሩ ግን ይመዘግባል እንጂ አይከለክልም። በ2017 ስሞቹን በሕግ ለመጠበቅ የቀረበውን ሐሳብ ምክር ቤታቸው ውድቅ አደረገው። መዝግቦ ዝም ማለት የሟች ስም ዝርዝር መያዝ ነው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ለተመዘገበ ቤት መስኮት የሚጠየቀው ፈቃድ ለስሙም ይጠየቅ።

በባዕድ አገር ቢሮ ውስጥ «ለመጥራት ይከብዳል» ተብሎ ስሙ የተቆረጠበት አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። የሚከብደው ስሙ አይደለም፤ ለመማር አለመፈለግ ነው። ከመቃብር በላይ ስም ይውላል እንላለን። በዌልስ ተራሮች ግን ቤቱ ቆሞ ስሙ እየተቀበረ ነው።