ውሻ ወደ ተራራ ይወሰድን?

ውሻ የሰው ልጅ የጥንት ባልንጀራ መሆኑ የታወቀ ነው። በቂርቆስ አካባቢ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የካዛንቺስ ተማሪዎቼ ለዕረፍት ድንኳን ተሸክመው ወደ ተራራ ለመጓዝ ሲሰናዱ፣ «ውሻችንንም ይዘን ብንሄድስ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። በእኔ አስተያየት መልሱ እንደ ስፍራው ይለያያል።

ጉዞው ገበሬዎች ወደሚኖሩበት ተራ የገጠር አካባቢ ከሆነ፣ ውሻውን መውሰድ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ግዴታ አለበት። በመኪና ድምፅ መካከል ያደገ የከተማ ውሻ በግ ባየ ጊዜ ማሳደዱ አይቀርምና ዘወትር በገመድ መያዝ ይገባዋል። ሌሊትም ከድንኳኑ አጠገብ ይታሰር፤ ርቆ የታሰረ ውሻ የጅብ ሲሳይ ነው። ትርፍራፊ ምግብም በሰፈሩ ዙሪያ አይጣል፤ ጅብን ይጠራልና። ሰው ቢነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

ጉዞው ወደ ባሌ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ግን ውሻው ከቤት ይቅር እላለሁ። በእነዚህ ደጋዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም 500 አይሞሉም። በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ፈጅቷል።

«የእረኞቹ ውሾች በብዛት እዚያው እያሉ የእኔ አንድ ውሻ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የእረኞቹ ውሾች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን እረኛው ውሻ የሚይዘው ከብቱን ከጅብ ለማስጠበቅ ሲሆን፣ እኛ የምንወስደው ለደስታችን ነው። ደግሞም የእረኞቹን ውሾች የቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ይከትቧቸዋል፤ መጥቶ የሚሄደውን የመንገደኛ ውሻ ግን ማን ያውቀዋል? «የእኔ ተከትቧል» የሚልም ቢኖር፣ ክትባት ውሻውን ከበሽታ ይጠብቀው ይሆናል እንጂ ቀበሮን ከማሳደድ አያግደውም።

እንግዲህ ውሻን መውደድ ማለት በሄዱበት ሁሉ ይዞት መዞር ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ለታመነ ጎረቤት አደራ ሰጥቶ መሄድም ፍቅር ነው፤ ለውሻውም፣ ለቀበሮውም፣ ለአገርም።